ጦይባና የተቀመጡት ቀባሪዎች

ጦይባ የሞተች ዕለት፣ በሐይቅ ከተማ ካለው ቀባሪ ሁሉ ቀድመው የወጡት መራመድ የማይችሉት ናቸው።

ይህን ዓረፍተ ነገር ሰሌዳ ላይ ብጽፈው ተማሪዎቼ «ቲቸር፣ እርስ በርሱ ይጋጫል» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። አይጋጭም። የቅሬው፣ የዕድራችን፣ ጠሪ በማለዳ ድምፅ ማጉያውን ይዞ «የአረጋውያኑ ጦይባ አርፋለች፤ ያልሰማህ ስማ፣ ወጥተህ ቅበር!» እያለ ሲያልፍ እኔ ገና ጫማዬን እያሰርሁ ነበር። ወደ ቤቷ ስጣደፍ ባጃጆች ተከታትለው አለፉኝ። በፊተኛው መስኮት ምርኩዝ ወጥቷል፤ በኋለኛው ጣሪያ ላይ ዊልቸር በገመድ ታስሯል። ስደርስ ሽማግሌዎቹ ድንኳኑ ውስጥ ቦታ ቦታቸውን ይዘው ነበር። እንዲያውም አንዱ «ምነው መምህር፣ አረፈድህ?» አሉኝ።

በለቅሶው ሰሞን ስለ እሷ ብዙ ተባለ። «ደግ ነበረች» ተባለ፤ እውነት ነው። «አፏን ከፍታ ሰው አትናገርም ነበር» ተባለ፤ ይህን ያለው ሰው ጦይባን አያውቃትም። «ለአረጋውያን እናት ነበረች» ተባለ፤ ይህንንማ ብትሰማ ከጀናዛዋ ላይ ቀና ብላ ትመልስ ነበር፦ «ሰማንያ ዓመት የኖረን ሰው ሕፃን አታድርጉት!» ስለዚህ እኔ የማውቃትን ጦይባ ልጻፍ። እኔ የማውቃት ጦይባ እምቢተኛ ነበረች።

ወደ ሐይቅ የመጣሁት ከኮሌጅ እንደ ወጣሁ፣ ሥነ ዜጋ እንዳስተምር ተመድቤ ነው። የበጎ አድራጎት ክበቡን ለእኔ ሰጡኝና ቅዳሜ ቅዳሜ ተማሪዎች እየያዝሁ ወደ አረጋውያን መጦሪያው መሄድ ጀመርሁ። መጦሪያው ከአስፋልቱ ወረድ ብሎ ሐይቁ ከሚታይበት ዳገት ላይ ያለ ረጅም የቆርቆሮ ቤት ነው፤ ከፊቱ ሰፊ በረንዳ አለው። ወጥ ቤቱ ሁለት የሥጋ ድስት አለው፤ የሙስሊምና የክርስቲያን ሥጋ ስለማይቀላቀል። ከሥጋው በቀር ግን እዚያ ቤት የማይቀላቀል ነገር የለም፤ ሽሮውም፣ ሐሜቱም፣ ምርቃቱም አንድ ነው።

እኔ ሥርዓት እወዳለሁ። በመጀመሪያው ቅዳሜ የሰዓት መርሐ ግብር አዘጋጅቼ ሄድሁ፦ ጽዳት፣ ንባብ፣ መዝሙር፣ እረፍት። ከተንከባካቢዎቹ አንዷ፣ ሻሿን ወደ ኋላ ያሰረች፣ የፕላስቲክ ቦት ጫማ ያደረገች ጠይም ሴት፣ ወረቀቱን ተቀብላ አየችውና መለሰችልኝ።

«ጥሩ ነው። እረፍት የሚለውን ብቻ አውጣው» አለችኝ።

«ለምን?»

«የሰለቻቸው እሱ ነዋ!»

ጦይባ ይህች ናት። ሃምሳን አልፋ ስለነበር አንቱ ብላት «አንቱ አትበለኝ፤ ገና አልተጦርሁም» ብላ ከለከለችኝ። ስለዚህ አሁንም «እሷ» እላታለሁ።

ትውልዷ አርዲቦ ሐይቅ አጠገብ ካለ የገበሬ መንደር ነው። በልጅነቷ እንደ ብዙዎቹ የአካባቢያችን ሴቶች ዓረብ አገር ሄዳ ነበር። እዚያ አንዲት ሀብታም አሮጊት ስታስታምም ኖረች። ሴትዮዋ ሲሞቱ ልጆቻቸው ከየአገሩ እስኪደርሱ ያለቀሰችላቸው እሷ ብቻ እንደነበረች አንድ ቀን ነገረችኝ። «እብነ በረድ ነው ቤታቸው። ድምፄ ሲመለስ ራሴን ፈራሁት» አለችኝ። ከዚያ በላይ አላወራችም፤ ጓንቷን አጥልቃ ወደ ሥራዋ ገባች።

አንድ ልማድ ነበራት። ወደ ማንም አረጋዊ ክፍል ስትገባ በሩን ቆርቆር አድርጋ ትቆማለች፤ «ግቢ» እስክትባል አትገባም። መናገር የማይችሉት ጋ እንኳ ዓይናቸው እስኪፈቅድላት ትጠብቃለች። አዲስ የተቀጠረች ልጅ ዘው ብላ ስትገባ ካየች ግን አትምራትም። «የሰው ቤት ነው! እናትሽ እንዲህ ነው ያሳደገችሽ?» ትላታለች። አንዴ ደግሞ ከሌላ ከተማ የመጡ ጎብኚዎች ሙዝና ሳሙና እያደሉ በስልካቸው ቪዲዮ መቅረጽ ጀመሩ። ሙዙን ከአረጋውያኑ እጅ እየሰበሰበች ወደ ካርቶኑ መለሰችው። «ሙዝ ሰጥታችሁ ፊታቸውን ልትወስዱ? እንካችሁ ሙዛችሁን!» ሽማግሌዎቹ በሙዙ በኩል ትንሽ ቅር ሳይላቸው አልቀረም፤ ግን ማንም አልተቃወማትም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ።

እማማ ሉባባ የሚባሉ ከአምባሰል በኩል የመጡ ሴት መጦሪያው ውስጥ ነበሩ። ልጅም ዘመድም የላቸውም። አንድ የገበያ ቀን ጠዋት አረፉ። ጦይባና ሌላዋ ተንከባካቢ አጥበው ከፈኗቸው። ጀናዛውን የተሸከምነው ግን ዘበኛው፣ አንድ የባጃጅ ሾፌር፣ የወጥ ሠሪዋ ባልና እኔ ነን።

ለማያውቅ ላስረዳ። በኛ አገር ጀናዛ መንገድ ላይ አይቆምም። አንዱ ትከሻ ሲደክም ሌላው ከሥሩ ይገባበታል፤ ቃሬዛው በሰው ጎርፍ ላይ እንደ ታንኳ እየተንሳፈፈ ይሄዳል። እኛ ተተኪ አልነበረንም። ሲደክመን እማማ ሉባባን መሬት ላይ እያወረድን አረፍን። ከመንገዱ ዳር ሽንኩርት የሚመዝን ነጋዴ ቀና ብሎ «የማን ናት?» ሲል ጎረቤቱ «የድርጅቱ ናት» አለው። እሱም ወደ ሚዛኑ ተመለሰ።

ስንመለስ ጦይባ በር ላይ ቆማለች። «የሚቀይራችሁ አገኛችሁ?» ብላ ጠየቀችኝ። አለማግኘታችንን ነገርኋት። ሽርጧን ፈታች፤ ለዘበኛው ሰጠችውና ወደ ከተማ መውጣት ጀመረች። ተከተልኋት።

የሄደችው የሰፈሩ ቅሬ ዳኛ ወደሆኑት ወደ ልብስ ሰፊው ጋሽ ዓሊ ነው። ቅሬ ሌላው አገር ዕድር የሚለው ነው። ወሎ ውስጥ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአንድ ቅሬ ይቀባበራል፤ መቃብሩ ይለያያል እንጂ ቀባሪው አንድ ነው። ጋሽ ዓሊ መለኪያ ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ ጥለው ይሰፋሉ።

«አሰላሙ ዓለይኩም ጋሽ ዓሊ።»

«ወዓለይኩም ሰላም። ኧረ ጦይባ! ምን ሁነሻል? ጠብ ይዘሽ የመጣሽ ትመስያለሽ።»

«ይዤ ነው የመጣሁ። ሉባባ ስትቀበር የት ነበራችሁ?»

ጋሽ ዓሊ እግራቸውን ከፔዳሉ አነሡ። «አላህ ይዘንላት። አልተጠራንም።»

«ለምን አልተጠራችሁም?»

«የድርጅቱ ናት እኮ። ድርጅቱ ራሱ ይቀብራል። ቅሬ የሰፈር ነው።»

«ድርጅት ይሞታል?»

«አይሞትም።»

«ድርጅት ሐዘን ይቀመጣል?»

«ኧረ አይቀመጥም።»

«እንግዲያ የሞተችው ማን ናት?»

ጋሽ ዓሊ የመለሱት መልስ የሽሽት አልነበረም። «ስሚኝ እቴ። ቅሬ የመውጣት ነው። ለሰው የወጣ ይወጣለታል፤ ያልወጣ አይወጣለትም። ይህን እኔ አልደነገግሁትም፤ አባቶቻችን ናቸው። የናንተዎቹ ደግሞ ምስኪኖች፣ አልጋ ላይ ናቸው። እንዴት አድርገው ይወጣሉ?»

«ይወጣሉ» አለች ጦይባ።

«መቃብር ሊቆፍሩ?» ጋሽ ዓሊ ሳቅ አሉ።

«አንቱስ በዚህ ሆድዎ ዶማ ካነሡ ስንት ጊዜዎ?»

በዚህም ሳቁ፤ ቃላቸውን ግን አላነሡም። በቃ፣ ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጦይባ አንድ ነገር ብቻ ፈለገች፤ እዚያ ቤት ያለ ሰው ሲሞት ሰፈሩ እንዲወጣለት። መንገዱም አንድ ብቻ ነበር፤ እነሱ ቀድመው መውጣት።

የመጦሪያው አስተዳዳሪ አቶ ታደሰ ክፉ ሰው አልነበሩም። ከዓመታት በፊት አንድ ሽማግሌ ወደ ገበያ ወጥተው ቦይ ውስጥ ወድቀው ስለነበር ፈሪ ሆነዋል። ቤተሰብ ሳይፈቅድ ማንም ከግቢ እንዳይወጣ የሚል ደንብ ነበራቸው።

«ወይዘሮ ጦይባ፣ ቢወድቁ ማን ይጠየቃል?»

«ተኝተው ቢሞቱስ ማን ይጠየቃል?»

«ደንቡ የቤተሰብ ፈቃድ ይላል።»

«ቤተሰብ ቢኖራቸው እዚህ ምን ይሠራሉ?»

አቶ ታደሰ የደንቡን ወረቀት ወደ መሳቢያው መለሱት። ጦይባ ይህን እንደ ፈቃድ ቆጠረችው።

በሳምንቱ የዳቦ ቤት ባለቤት የነበሩ ጋሽ ተሰማ የሚባሉ ሰው ሞቱ። ቀኑ ቅዳሜ ስለነበር እኔም እዚያው ነበርሁ። ጦይባ በረንዳው መሐል ቆማ አጨበጨበች።

«ያ ጀማዓ! ተነሡ፣ ለቅሶ ልንሄድ ነው!»

«የማን?» አሉ አያ ይመር። አያ ይመር ዓይናቸው ጥላና ብርሃን ብቻ የሚለይ፣ በጉብዝናቸው በቅሎ ሲነግዱ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው። ይመር በኛ አገር የሁለቱም ሃይማኖት ስም ነው፤ እሳቸው ሙስሊም ናቸው።

«የዳቦ ቤቱ የጋሽ ተሰማ።»

«አላውቀውም።»

«እሱም አንቱን አያውቅዎትም። ዛሬ ትተዋወቃላችሁ።»

ከጎናቸው ዊልቸር ላይ የተቀመጡት እማሆይ ወለተ ማርያም ሳቃቸው አመለጣቸው። እማሆይ ወገባቸው ታሞ እግራቸው አልታዘዝ ብሎ እንጂ ምላሳቸው ጤነኛ ነው። «አንተ ይመር፣» አሉ፣ «በቅሎ የሞተችብህን ያህል አልቅስ፤ ከዚያ አትለፍ። ታስቅብናለህ።»

አያ ይመርና እኔ በፊተኛው ባጃጅ ገባን። ጦይባ እማሆይንና ሌሎቹን ይዛ ከኋላ ትከተላለች። ባጃጁን «ድንኳኑ ጋ» አልነው። እዚያ ሰፈር ያን ዕለት ሁለት ድንኳን መተከሉን ማናችንም አላወቅንም፤ ቅሬው ለሐዘንም ለሠርግም የሚያውሰው ድንኳን ደግሞ አንድ ዓይነት ነው። አያ ይመር ክንዴን ይዘው ወረዱ። የድንኳኑ ጥላ ዓይናቸው ላይ እንዳረፈ፣ እኔ ቀና ብዬ ሳላይ፣ ምርኩዛቸውን ወርውረው ደረታቸውን መቱ።

«ወንድሜን! ወይኔ ወንድሜን! ዳቦ ቆርሶ ያጎረሰኝ ወንድሜን!»

ጭልፋዎች በአየር ላይ ቆሙ። ሼሁ ኪታባቸውን እንደያዙ ዞሩ። የኒካህ ቤት ነው። ሙሽራዋ ሂና በሞቀ እጇ አፏን ያዘች። የሙሽራዋ እናት ከጓዳ እየበረሩ ወጡ።

«ቢስሚላህ! ምን ጉድ ነው? ይህን ሟርት ማን ላከብኝ?»

ጦይባ የእማሆይን ዊልቸር እየገፋች ደረሰች። አንድ ጊዜ ሂናውን፣ አንድ ጊዜ አያ ይመርን አየች። እኔ ይቅርታ ትጠይቃለች ብዬ ጠበቅሁ።

«እሜቴ፣» አለች፣ «አንቺ ቤት ለቅሶ ፈልገን መጣን፤ አጣን። ይህ ያስቆጣል? ይልቅ እልል በይ!»

አያ ይመር የት እንዳሉ ያን ጊዜ ገባቸው። አልተደናገጡም። መዳፋቸውን ወደ ላይ ዘረጉ።

«ያ ጀማዓ፣ እጃችሁን አንሡ! እኛ ለቅሶ ፈልገን ከዚህ ቤት እንዳጣነው፣ ለቅሶም ይህን ቤት ፈልጎ ይጣው!»

«አሚን!» አለ ድንኳኑ።

«እኛ መንገድ እንደሳትን፣ ሞት የነዚህን ልጆች መንገድ ይሳት!»

«አሚን!»

«ልጄ፣ እንደኔ እስክታረጂ ኑሪ! ስታረጂ ግን እንደኔ ብቻሽን አትቅሪ!»

ይህኛው «አሚን» ትንሽ ዘገየ። ሲመጣም ድምፁ ሌላ ነበር። የሙሽራዋ እናት በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ይጠርጉ ነበር። «አሜን፣ አሜን» አሉ እማሆይ በመጨረሻ፤ «በሉ አሁን ወደ ሥራችን።»

ለቅሶው ቤት ከጀርባ በኩል ባለው ጉራንጉር ነበር። አያ ይመር ከጋሽ ተሰማ ባለቤት ፊት ቆመው ራሳቸውን ዝቅ አደረጉና «አፉ በይኝ ልጄ፤ እንባዬን ሠርግ ቤት ጨርሼው መጣሁ» አሉ። ታሪኩን ሲነግሯት ሴትዮዋ ባሏ ከሞቱ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች፤ ሳቋም ወደ ልቅሶ ዞረ፤ እጃቸውንም አለቀቀችም።

ጦይባ የአሠራሩን ብልሃት ያገኘችው እዚያው ነው። ዛሬ ዛሬ ከተማችን ውስጥ ለቅሶ እንዴት እንደሚያልፍ ታውቃላችሁ። በቀብሩ ቀን ሰው ይሞላል። በማግስቱ መምህሩ ወደ ትምህርት ቤት፣ ነጋዴው ወደ ሱቁ ይላል፤ ረፋዱ ላይ ሐዘንተኛው ከባዶ አግዳሚ ጋር ይፋጠጣል። ሁሉም የሚያጣው ነገር አንድ ነው፤ ቁጭ የሚል ሰው። የኛዎቹ ደግሞ ያላቸው እሱ ነው።

«ቁጭ በማለትማ እንደሆነ፣» አለች ጦይባ፣ «የኛን ሰው የሚያህል በወሎ ምድር የለም!»

ከዚያ ወዲህ በሰፈሩ ሰው በሞተ ቁጥር ወጡ። ከጠዋት እስከ ማታ ድንኳን ውስጥ ይቀመጣሉ፤ ያወራሉ፤ ይመርቃሉ፤ ሲመቻቸውም ያንቀላፋሉ። በክርስቲያን ለቅሶ እማሆይ ስለ ግሸን ደብር መንገድ ያወራሉ፤ በሙስሊሙ ቤት አያ ይመር ዱዓ ያደርጋሉ። ሰው ወደዳቸው። ሳሙና ላከላቸው፤ እጃቸውን ሳመ። ጋሽ ዓሊም በየድንኳኑ ተነሥተው «አላህ ይስጣችሁ፣ እንግዶቻችን» ይሏቸው ነበር።

ጦይባ በዚህ ቃል ትቃጠል ነበር። «እንግዳ! እዚሁ አርጅተው፣ እንግዳ!» እያለች ባጃጅ ውስጥ ታጉረመርማለች። የቅሬው ጠሪም ያኔ ገና ከመጦሪያው ማዕዘን ላይ ይታጠፍ ነበር፤ በራችን ጋ አይደርስም። የሞተውን ሰው የምንሰማው ከወጥ ሠሪዋ ነው። አንድ ቀን ጋሽ ዓሊን ፊት ለፊት ጠየቀቻቸው። «ከኛ አንዱ ቢሞት ትወጣላችሁ?»

«እኔ በግሌ ለበረካው ብዬ እመጣለሁ።»

«በግልዎ አልፈልግዎትም» አለቻቸው።

ክረምቱ ገባ። ከአንድ ለቅሶ ሲመለሱ ዝናብ ደበደባቸውና እማሆይ ታመሙ። ሳሉ ደረታቸውን ይዞ አልለቅ አለ። አቶ ታደሰ የፈሩት ደረሰ። የግቢውን በር ቆልፈው ቁልፉን ኪሳቸው ከተቱት። «ከእንግዲህ ማንም አይወጣም። ይህ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያዬ ነው ወይዘሮ ጦይባ፤ ሥራሽን ታጫለሽ» አሉ።

ጦይባ ያን ሰሞን ከእማሆይ አልጋ አልተለየችም። ቧንቧው ጋ ብርድ ልብሳቸውን ስታጥብ አግኝቻት፣ ነገር ማጥራት ስለምወድ፣ «ተሳስተሽ ይሆን?» አልኋት።

ብርድ ልብሱን ጨምቃ ጨምቃ ቀና አለች። «መምህር፣ እማሆይን ሳል ያዛቸው። እወጣ እገባ ያለ ሰው ይታመማል። መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ ዕቃ አይታመምም፤ አቧራ ነው የሚጠጣ። አንተ የትኛውን ትመርጥላቸዋለህ?»

ብርድ ልብሱን ገመድ ላይ ስትሰቅል ግን ዓይኗ ከእማሆይ መስኮት አልተነሣም። እማሆይ ቢሞቱ ማን እንደሚወጣላቸው ሁለታችንም እናውቃለን።

በዚያው ሳምንት ከመጦሪያው ጀርባ ያለችው ጎረቤት ባሏ ሞተባት። የለቅሶው ድምፅ በአጥሩ ላይ ይሰማ ነበር። ጦይባ በሩ ላይ ቆማ ተከራከረች፤ ጮኸች። አቶ ታደሰ እጃቸውን ከኪሳቸው አላወጡም። የዚያን ቀን ያሸነፉት አቶ ታደሰ ናቸው። አረጋውያኑ በረንዳው ላይ ተደርድረው የሰው ለቅሶ በአጥር ሲሰሙ ዋሉ።

በማግስቱ ቅዳሜ ነበር። ተማሪዎቼ በረንዳውን ይጠርጋሉ። የግቢው በር በጡጫ ተደበደበ። ዘበኛው በቀዳዳው አይቶ ሮጦ አቶ ታደሰን ጠራ፤ እሳቸው ግማሹን በር ከፈቱ። ጋሽ ዓሊ ናቸው። ጃንጥላቸውን እንኳ አላጠፉም፤ ሜትሩም አንገታቸው ላይ ነው።

«ይግቡ ጋሽ ዓሊ» አሉ አቶ ታደሰ።

«አልገባም! ትናንት የት ነበራችሁ?»

«እ... ምን...»

«ከጓሯችሁ ሬሳ ወጥቶ የት ነበራችሁ? ቀብሩ እንዳለቀ ድንኳኑ ባዶ ቀረ! ሴትዮዋ "ሽማግሌዎቹስ?" እያለች በር በሩን ስታይ ዋለች። ምን ብዬ ልመልስላት?»

«ዝናብ ነበር፤ እማሆይም ታመው...»

«የታመመ ይቀራል! ሁሉም ታመመ? እኔስ ጉልበቴን አይቆረጥመኝም? ይህ ንቀት ነው! ቅሬ አይናቅም። የቀረ ይቀጣል!»

ጦይባ ሳፋ ይዛ ከመታጠቢያ ቤት ትወጣ ነበር። ሳፋውን ቀስ ብላ መሬት ላይ አኖረችው።

«ጋሽ ዓሊ፣ ምን አሉ?»

«የቀረ ይቀጣል አልሁ!»

«ማን? እኛ?»

«እና ማን? ደግሞ ቆመሽ ታዪኛለሽ! ስሙ ቅጣታችሁን፦ ድንኳኑ እስኪነሣ ድረስ ከጠዋት እስከ ማታ ቁጭ ትላላችሁ። ማስተዛዘኑም ዱዓውም በናንተ ላይ ነው። አልቀበልም የሚል ቅሬው ፊት ይቁም!»

ጦይባ ሁለት እጇን አናቷ ላይ ጭና ዞረች። መጀመሪያ የምታለቅስ መስሎኝ ነበር።

«ያ ጀማዓ!» ብላ ጮኸች ወደ በረንዳው። «ተቀጣን! ወላሂ ተቀጣን!»

«ማንን ነው የቀጡት?» አሉ አያ ይመር ምርኩዛቸውን እየፈለጉ።

«ሁላችንንም!»

«እኔንም?»

«አንቱንማ ከሁሉ በፊት!»

«አልሐምዱሊላህ!»

አንዷ አሮጊት እልል አሉ። ሌላው ምርኩዛቸውን ወለሉ ላይ ደበደቡ። ጋሽ ዓሊ ግራ ገብቷቸው አፋቸውን ከፍተው ቀሩ፤ በዳኝነት ዘመናቸው ቅጣቱን በእልልታ የተቀበለ ሰው አይተው አያውቁም። ተማሪዎቼም መጥረጊያቸውን እንደያዙ ወደ እኔ አዩ፤ ማብራሪያ ይጠብቃሉ። አብራራሁላቸው። ያን ሁሉ ጊዜ እነዚህ ሰዎች ተመስግነዋል፤ ተሸልመዋል፤ እጃቸው ተስሟል። የወቀሳቸው ግን አልነበረም። እንግዳን ማንም «ለምን ቀረህ?» አይለውም። ለምን ቀረህ የሚባለው መምጣት ያለበት ሰው ነው። እኔ ይህን ስደረድር ጦይባ በአጠገቤ አለፈች። «አታስረዝመው መምህር፤ የሚቀጣ ሰው ይቀበራል» አለችኝ።

አቶ ታደሰ ግማሹን በር ይዘው ቆመዋል። ጋሽ ዓሊ ወደ እሳቸው ዞረው ቁልፉን በእጃቸው አዩ። «አንተም የኛው ቅሬ ሰው ነህ። ያስቀራቸው ቁልፍ ያንተ ነው ከተባለ ነገሩ ወደ አንተ ይመጣል።»

ሐይቅ ውስጥ ከመሥሪያ ቤት ጋር ተጣልቶ የሚኖር ሰው አለ። ከቅሬው ጋር ተጣልቶ የሚኖር ግን የለም። አቶ ታደሰ ጦይባን አዩ፤ ቁልፉን አዩ። ከዚያ ሌላኛውንም የበር ክፋይ ገፍተው ወለል አድርገው ከፈቱት፤ ራሳቸውም ባጃጅ ሊጠሩ ወደ መንገዱ ወጡ።

የሚችለው እየተደገፈ፣ የማይችለው እየተገፋ መውጣት ሲጀምር ከክፍሎቹ በአንዱ ድምፅ ተሰማ። የእማሆይ ነው።

«ጦይባ! ዊልቸሬን!»

ጦይባ ወደ መስኮታቸው ሄደች። «አንቱ ታመዋል። ጋሽ ዓሊ የታመመ ይቀራል ብለዋል። አልተቀጡም።»

«ትናንት ቀርቻለሁ ወይስ አልቀረሁም?»

«ቀርተዋል።»

«ታዲያ ከዚህ ቤት ሰው እኔን ብቻ ለይቶ የሚምረኝ ማን ነው?» ሳል ያዛቸው፤ እስኪያልፍ ጠበቁና ድምፃቸውን ከፊተኛው ይልቅ ከፍ አደረጉ። «ዳኛው! እኔንም ቅጣኝ!»

ጋሽ ዓሊ ደመናውን አዩ፤ መስኮቱን አዩ። ጃንጥላቸውን ለጦይባ አቀበሏት።

«እማሆይም ተቀጥተዋል፣» አሉ፤ «ግን ጋቢ ደርበው።»